ፖርቱ ኦንላይን ነው፤ ዲስኩስ የታለ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ስቶሬጅ ኔትወርክ፣ ማለትም ሰርቨሮችን ከጋራ የዲስክ ሣጥን (ስቶሬጅ) ጋር ስለሚያገናኘው መረብ ናቸው። ክረምት ሲገባ ሁሌም እንዲሁ ነው። ነጎድጓዱ ከጣና ማዶ ማጉረምረም ሲጀምር መብራት ይሄዳል፤ መብራቱ ሲመለስ ደግሞ የእኔ ስልክ መጮኽ ይጀምራል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ የሚከተሉትን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? የምሠራው እዚሁ ባሕር ዳር በአንድ ጤና ተቋም የአይቲ ክፍል ነው። ባለፈው እሑድ መብራት ሲሄድ አንደኛው የፋይበር ቻነል ስዊች (ሰርቨሩን በፋይበር ገመድ ከስቶሬጁ ጋር የሚያገናኘው መሣሪያ) እና ሰርቨሩ ጠፍተው ነበር፤ በኋላ ሁለቱም ተነሡ። ሰርቨሩ ደህና እየሠራ ነው። በሁለቱም ስዊቾች ላይ ያሉት ፖርቶች በሙሉ ኦንላይን ይላሉ። ሰርቨሩ ላይ የመልቲፓዝ (ወደ ዲስኮቹ የሚያደርሱ መንገዶች) ዝርዝር ሳወጣ ለእያንዳንዱ ዲስክ ሁለት መስመር አያለሁ፤ ሁለቱም «አክቲቭ ሬዲ ረኒንግ» ናቸው። ስቶሬጁ ግን የእኛን ሰርቨር በቢጫ «ዲግሬድድ» (አቅሙ የጎደለ) ብሎታል። አለቃዬ «ሥራ ካላቆመ ምን አስነካሽ?» ይሉኛል። ማንን ልመን?

መልስ፦ እህቴ፣ ሦስቱም እውነታቸውን ነው። እያንዳንዳቸው የሚያወሩት ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። ስዊቹ የሚነግርሽ ስለ ገመዱና ጫፉ ላይ ስለተሰካው ፖርት ብቻ ነው። ሰርቨሩ የሚነግርሽ አሁን ስለሚያውቃቸው መንገዶች ብቻ ነው። ስቶሬጁ ደግሞ የተመዘገቡለትን የሰርቨር ፖርቶች ዝርዝር ስለያዘ ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ ያውቃል። ከሦስቱ አንዱን ምረጥ ካልሽኝ ቢጫውን እመኚ።

እኔ አንቺን ብሆን ቀለሙን ትቼ መስመር እቆጥራለሁ። ከእሑድ በፊት ስንት ነበር? ሰርቨርሽ ሁለት የኤች ቢ ኤ (ከፋይበር ቻነሉ ጋር የሚያገናኘው ካርድ) ፖርት ካለው፣ እያንዳንዱ ወደየራሱ ስዊች ከሄደ፣ በእያንዳንዱ ስዊች በኩል ደግሞ ሁለት የስቶሬጅ ፖርት ከታየ፣ ለአንድ ዲስክ አራት መንገድ መኖር አለበት። አንቺ የምታዪው ሁለት ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ተበላሹ ተብለው እንኳ አልተጻፉም፤ ጭራሽ የሉም። ስዊቹ ብቻ ጠፍቶ ሰርቨሩ ሳይጠፋ ቢቀር ኖሮ «ፌይልድ ፎልቲ ረኒንግ» የሚሉ ሁለት መስመሮች ወዲያው ይታዩሽ ነበር። ሰርቨሩ ግን እንደ አዲስ ነው የተነሣው። ሲነሣ ያላገኘውን መንገድ «ጠፋብኝ» ሊል አይችልም፣ መኖሩንም አያውቅማ። ለዚህ ነው ቀይ ነገር ያላየሽው።

አሁን «ኦንላይን» የሚለው ቃል እስከ የት እንደሚወስድ እንይ። ገመዱ ሲሰካ የስዊቹ ኤስ ኤፍ ፒ፣ ማለትም ገመዱ የሚሰካበት ብርሃን ላኪና ተቀባይ ሞጁል፣ መጀመሪያ ብርሃን ያገኛል። ቀጥሎ ሁለቱ ጫፎች በአንድ ፍጥነት ይስማማሉ። ከዚያ የሰርቨሩ ኤች ቢ ኤ ወደ ፋብሪኩ (ስዊቹ ወደሚያስተዳድረው መረብ) ሎግ ኢን ያደርግና ስዊቹ 24 ቢት አድራሻ ይሰጠዋል። ከዚያም ኤች ቢ ኤው 16 ፊደልና ቁጥር ያለውን ስሙን፣ ማለትም ደብልዩ ደብልዩ ፒ ኤኑን፣ በስዊቹ ኔም ሰርቨር (የስም መዝገብ) ያስመዘግባል። ስዊቹ «ኦንላይን፣ ኤፍ ፖርት» ብሎ የሚጽፈው እዚህ ላይ ሆኖ ነው። ስለ ዲስክ እስካሁን አንድ ቃል አልተናገረም። ገና ዞኑ፣ ማለትም ማን ከማን ጋር እንደሚተያይ የሚወስነው የስዊቹ ዝርዝር፣ የሰርቨሩና የስቶሬጁ ፖርቶች እንዲተያዩ መፍቀድ አለበት፤ ሰርቨሩ ስቶሬጁ ዘንድ ለብቻው ሎግ ኢን ማድረግ አለበት፤ ስቶሬጁም ሉኑን (ለሰርቨሩ የተከፈለውን ዲስክ) ለዚያ ስም የሰጠው መሆን አለበት። በመጨረሻ ሰርቨሩ «ቴስት ዩኒት ሬዲ» የተባለችውን ትንሽ የስካዚ (ሰርቨርና ዲስክ የሚነጋገሩበት ቋንቋ) ትዕዛዝ ልኮ መልስ ሲያገኝ ነው መንገዱ «ሬዲ» የሚባለው። ዞኒንግና ማፒንግ (ሉኑን ለስሙ መስጠት) ያሉት በ«ኦንላይን» እና በ«ሬዲ» መካከል ነው። ያንቺም ጉድለት እዚያው መሆን አለበት።

የምጠረጥረውን ልንገርሽ። በአንዳንድ ስዊቾች ላይ የምታደርጊው ለውጥ ወዲያው ይሠራል፣ ግን እስክታስቀምጪው ድረስ ያለው በጊዜያዊው ማህደር ብቻ ነው። ስዊቹ ሲስኮ ኤምዲኤስ ከሆነ አክቲቬት የተደረገው ዞን ራሱ ቢቀመጥም፣ «ኮፒ ረኒንግ ኮንፊግ ስታርታፕ ኮንፊግ» ያልተባለለት ሌላው ለውጥ ስዊቹ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ብሮኬድ በተባለው ስዊች ላይ የዞኑ ኮንፊግ ኢኔብል ሲደረግ ራሱ ስለሚቀመጥ ይህ እምብዛም አይደርስም። ከወራት በፊት አንድ ሰው ለውጥ አድርጎ፣ መሥራቱን አይቶ፣ ሳያስቀምጠው ሄዶ ሊሆን ይችላል። እሑድ የጠፋው ስዊች ሲነሣ የድሮውን ኮንፊግ ይዞ ተነሣ። ፖርቱ ኦንላይን ነው፣ ለውጡ ግን የለም።

እንዲህ አድርጊ። ጠፍቶ በተነሣው ስዊች ላይ የሰርቨርሽን ደብልዩ ደብልዩ ፒ ኤን በኔም ሰርቨሩ ውስጥ ፈልጊው። ካለ፣ እስከ ሎግ ኢን ያለው ሁሉ ደህና ነው፤ ወደ ዞኑ እለፊ። የሁለቱን ስዊቾች ሥራ ላይ ያለ ዞን ጎን ለጎን አውጥተሽ አስተያዪ። ስሞቹ ይለያያሉ፣ ብዛታቸው ግን ተመሳሳይ መሆን አለበት። ዞኑ ጎድሎ ካገኘሽው መልሰሽ ሥሪው፣ አክቲቬት አድርጊው፣ አስቀምጪው። ከዚያ ሰርቨሩ ላይ የስካዚ ሪስካን (ዲስኮቹን እንደገና ፍለጋ) አድርጊ፤ ሰርቨሩን ማጥፋት አያስፈልግም። አራት መስመር መምጣት አለበት። ዞኑ ደህና ከሆነ ደግሞ ስቶሬጁ ላይ የተመዘገበውን ስም አንድ በአንድ አንብቢ። ኤች ቢ ኤ ካርድ ተቀይሮ ከሆነ ስሙም አብሮ ተቀይሯል።

ስለ «አክቲቭ ሬዲ ረኒንግ» ደግሞ ብዙ ሰው አንድ ሐረግ ይመስለዋል። ሦስት ተናጋሪዎች ናቸው። «አክቲቭ» የሚለው መንገዱን የሚጠቀምበት ዲቫይስ ማፐር ነው። «ሬዲ» የሚለው በየጥቂት ሰከንዱ መንገዱን የሚፈትሸው ቼከር ነው። «ረኒንግ» የሚለው ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ስለ ስካዚ ዲቫይሱ ያለው አስተያየት ነው። ስለዚህ «ፌይልድ ፎልቲ ረኒንግ» ስታዪ በመጨረሻው ቃል እንዳትጽናኚ። ከርነሉ ዲቫይሱን ገና ከዝርዝሩ አላወጣውም ማለት ብቻ ነው።

አለቃሽን በተመለከተ፦ ሥራ አለመቆሙ እውነት ነው፤ ሁለት ስዊች የተገዛውም ለዚሁ ነው። አሁን ግን የቀሩት ሁለት መንገዶች የሚያልፉት በአንድ ስዊች ብቻ ነው። ያ ስዊች የጠፋ ዕለት ካርድ ክፍሉም ላቦራቶሪውም አብሮ ይቆማል። ይህን በአንድ ገጽ ጽፈሽ ስጫቸው፤ በቃል የተነገረ ይረሳል። ሌላም ነገር እይልኝ። መብራት ሲሄድ አንዱ ስዊች ጠፍቶ ሌላው ለምን አልጠፋም? የጠፋው የተሰካበትን ዩፒኤስ ክፈቺና የባትሪውን ዕድሜ ተመልከቺ። በከተማችን ዩፒኤስ የሚገዛ ሞልቷል፤ ባትሪውን በጊዜው የሚቀይር ነው የጠፋው።

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፤ የምመራው ክፍል ቨርቹዋል ማሽኖቹን (በአንድ ሰርቨር ላይ የሚሠሩ ምናባዊ ኮምፒውተሮችን) በቪኤምዌር ሶፍትዌር ነው የሚያስተዳድረው። ለአንድ ዳታስቶር (የማሽኖቹ ፋይሎች ላሉበት ዲስክ) አራት መንገድ ይታየናል፤ ሁለቱ «አክቲቭ አይ ኦ»፣ ሁለቱ «አክቲቭ» ብቻ ናቸው። በአሮጌው ስቶሬጅ ላይ ደግሞ ግማሾቹ «ስታንድባይ» ይላሉ። ለአራት ከፍለን ሁለቱ ለምን ይተኛሉ? ሻጩ አታልሎን ይሆን?

መልስ፦ አልተታለሉም፣ ጌታዬ። እርስዎ እንደገለጹት ያሉ ስቶሬጆች ሁለት ኮንትሮለር (ዲስኮቹን የሚመራ ክፍል) አላቸው፤ እያንዳንዱ ሉን ደግሞ የአንዱ ኮንትሮለር ንብረት ነው። ወደ ባለቤቱ የሚያደርሰው መንገድ ቀጥተኛ ነው። በሌላው ኮንትሮለር የገባ ጥያቄ ግን በውስጥ መስመር ወደ ባለቤቱ መሻገር ስላለበት ይዘገያል። ከባሕር ዳር ዘጌ በጀልባም በመኪናም ይደረሳል፤ ጀልባ ካለ በኮረኮንቹ መንገላታት የሚመርጥ የለም፣ ሐይቁ ሲናወጥ ግን መኪናው ያደርሳል። ስቶሬጁ የትኛው መንገድ የትኛው እንደሆነ ለሰርቨሩ የሚናገርበት ደንብ አልዋ ይባላል። ቀጥተኛውን «አክቲቭ ኦፕቲማይዝድ»፣ ዞሮ የሚደርሰውን «አክቲቭ ነን ኦፕቲማይዝድ» ይለዋል። «ስታንድባይ» የሚለው ደግሞ ባለቤትነቱ እስኪዞር ድረስ ዳታ አይቀበልም። ሊኑክስ ላይ ይኸው ነገር በቁጥር ይመጣል፤ ቀጥተኛው ቡድን 50፣ ሌላው 10 ቅድሚያ ይይዛል። በአሮጌ ስቶሬጅ ላይ «ጎስት» የሚል ቢያዩም አይደንግጡ፤ መንገዱ በሕይወት አለ፣ ተራውን እየጠበቀ ነው።

«ራውንድ ሮቢን» የሚባለው አመራረጥ ካለዎት በነባሪው በአንድ መንገድ 1000 ጥያቄ ልኮ ወደሚቀጥለው ይዞራል። የሚዞረው ግን በቀጥተኞቹ መካከል ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱ መተኛታቸው ትክክል ነው።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። አንድ ኮንትሮለር ለጥገና ጠፍቶ ከተነሣ በኋላ የሉኑ ባለቤትነት ወደ ቦታው ሳይመለስ ሊቀር ይችላል። ያኔ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ሆኖ ሥራው ግን ይጎተታል፤ የሒሳብ ክፍሉ «ሲስተሙ ደከመ» ብሎ መደወል ይጀምራል። ከእያንዳንዱ ጥገና በኋላ ሉኑ የተመረጠለት ኮንትሮለር ላይ መሆኑን ያሳዩ። «ዴድ» የሚለው መንገዱ መቆረጡን ነው። «ዲሴብልድ» ግን የሰው እጅ ነው፤ ማን እንደዘጋው ይጠይቁ። «ትራንዚሽኒንግ» ለሰከንዶች ቢታይ ምንም አይደለም፤ ደቂቃዎች አልፈው እዚያው ከሆነ ድጋፍ ሰጪውን ይጥሩ። ደግሞ በታቀደ የጥገና ሌሊት አንዱን የስቶሬጅ ፖርት አውቀው ይዝጉና ሌላው ሲረከብ በዓይንዎ ይዩ። እኔ ይህ ሳይደረግ የተረከብኩት ሲስተም የለም፤ ሻጮቹ ባይወዱልኝም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በአንድ ኮሌጅ የላብ ረዳት ነኝ። በእርዳታ የመጣ አሮጌ ሰርቨር ከአዲሱ ስዊች ጋር ለማገናኘት እየሞከርኩ ነው። አንዱ ፖርት «ኖ ላይት» ይላል፣ ሁለተኛው «ኖ ሲንክ»። ሦስት ገመድ ቀየርኩ። ስዊቹ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አይመስለኝም፣ ወንድሜ። እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ስለሆኑ በአንድ መድኃኒት አትሞክራቸው።

«ኖ ላይት» ማለት የዚህ ስዊች መቀበያ ብርሃን አልደረሰውም ማለት ነው። በላኪው በኩል ስላለው አልተናገረም። የፋይበር ገመድህ ሁለት ፈትል ነው፤ አንዱ ይልካል፣ አንዱ ይቀበላል። አንደኛው ብቻ ቢሰበር በዚህኛው ጫፍ ጨለማ ሆኖ በዚያኛው ብርሃን ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም ጫፍ ጠይቅ። በሁለቱም በኩል ጨለማ ከሆነ ፓች ፓነሉ (የገመድ ማከፋፈያው) ላይ ፈትሎቹ ተገልብጠው ላኪ ከላኪ ገጥሞ ይሆናል፤ የኤል ሲውን (የፋይበሩን መሰኪያ) ማያያዣ ፈትተህ ሁለቱን አቀያይር። በዓይንህ አትመልከተው፤ 850 ናኖሜትሩ ብርሃን አይታይም፣ ሌዘርም ነው። በስዊቹ የኤስ ኤፍ ፒ ንባብ ላይ የሚደርሰው ኃይል በዲቢኤም ተጽፎልሃል። ከሌሎቹ ፖርቶች በ3 ያነሰ ካየህ ግማሹ ብርሃን መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚያስቀረው አቧራ ነው። በበጋ የመንገድ ሥራው አቧራ፣ ማታ ደግሞ መብራት አይተው ከሐይቁ የሚመጡት ትንንሽ ዝንቦች፤ የሰርቨር ክፍሉን መስኮት ለንፋስ ብሎ የሚከፍት ሰው ሁለቱንም ይጋብዛል። የኤል ሲ ጫፍ ነጯ ዘንግ 1.25 ሚሊሜትር ናት፤ ብርሃኑ የሚያልፍበት የመልቲሞድ እምብርት ግን 50 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። ለዓይን የማትታይ ብናኝ ትጋርደዋለች። ገመዱን ነቅሎ በሸሚዝ ጫፍ ጠርጎ፣ እፍ ብሎ የሚመልስ ቴክኒሻን አይቼ አውቃለሁ። እፍታው እርጥበት ይጨምራል፣ ሸሚዙ ቅባት። ለኤል ሲ የተሠራ ጠቅ የሚያደርግ የብዕር ቅርጽ ማጽጃ አለ፤ ዘንጓ ላይ ገጥመህ ጠቅ እስኪል ትገፋዋለህ፣ ውስጡ ያለው ክር ዞሮ ይጠርጋታል። ካጣህ ጭረት የማይተው ጨርቅና 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ተጠቀም፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አንድ ጊዜ ጥረግ። የኤስ ኤፍ ፒውንም አፍ አትርሳ። የነቀልከውን የላስቲክ ክዳን ኪስህ ውስጥ አስቀምጥ፤ ባዶ ፖርት ያለ ክዳን አያድርም።

«ኖ ሲንክ» ሌላ ነው። ብርሃን ደርሷል፣ ግን ሁለቱ ጫፎች አልተግባቡም። የአንተን ያወቅሁት «አሮጌ ሰርቨር፣ አዲስ ስዊች» ስትለኝ ነው። የፋይበር ቻነል ኤስ ኤፍ ፒ ወደኋላ የሚወርደው ሁለት ትውልድ ነው። የ32 ጊጋቢቱ 32፣ 16 እና 8 ይናገራል፤ 4 አይናገርም። ኤች ቢ ኤው ባለ 4 ጊጋቢት ከሆነ ሠላሳ ገመድ ብትቀይር አይገናኙም። የ16 ጊጋቢት ኤስ ኤፍ ፒ ፈልግ፣ እሱ 4 ድረስ ይወርዳል፤ ስዊችህ የሚቀበለው መሆኑን ግን አስቀድመህ አረጋግጥ፣ አለዚያ «ሞጁል ኢንቫሊድ» የሚል ሌላ ደብዳቤ ትጽፍልኛለህ። ፍጥነቱ የሚገጥም ሆኖ እንቢ ካለ በአንዱ ጫፍ በእጅ የታሰረ ፍጥነት እንዳለ ተመልከት፤ ሁለቱንም ወደ አውቶ መልሳቸው።

ጥያቄ፦ ለጥገና ሁለቱም ስዊቾች አንድ ላይ ሲጠፉ የሊኑክስ ሰርቨራችን ስህተት አልሰጠም፤ ደርቆ ቀረ። የዲስክ ቦታ የሚያሳየውን «ዲ ኤፍ» ትዕዛዝ ብንጽፍ እንኳ አይመልስም። ለምን?

መልስ፦ እየጠበቀ ነው። የመልቲፓዝ ኮንፊጋችሁ ላይ «ኖ ፓዝ ሪትራይ» በ«ኪው» ታስሮ ይሆናል፤ ትርጉሙም መንገድ ሁሉ ቢጠፋ ጥያቄውን ይዘህ እስከ ወዲያኛው ጠብቅ ነው። ለአጭር መቆራረጥ ይጠቅማል፣ ለረዥሙ ግን ሰርቨሩን ያስራል። በምትኩ ቁጥር ስጡት። 12 ብትሉት ቼከሩ በየ5 ሰከንዱ ስለሚሞክር ወደ አንድ ደቂቃ ያህል ይታገሥና ስህተት ይመልሳል። ቪኤምዌር የዚህ ዓይነቱን ሁኔታ በነባሪው ለ140 ሰከንድ ነው የሚታገሠው። ስቶሬጁ ራሱ «ይህ ሉን ከእንግዲህ የለም» ብሎ ከመለሰ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ሰርቨሩ የሚጠብቀው ነገር ስለሌለ ወዲያው ይተወዋል። ክላስተር (አንዱ ሲወድቅ ሌላው የሚተካው የሰርቨሮች ቡድን) ካላችሁ ጨርሶ እንዳይጠብቅ «ፌይል» ማለቱ ይሻላል፤ ሥራውን ሌላው ሰርቨር ቶሎ ይረከባል። ሁለቱን ስዊች በአንድ ሌሊት ማጥፋት ደግሞ ምን የሚሉት ጥገና ነው? አንዱን ጨርሳችሁ፣ መንገዶቹ መመለሳቸውን ቆጥራችሁ ወደ ሁለተኛው እለፉ።

ጥያቄ፦ እኛ ቤት ፋይበር ቻነል የለም፣ አይስካዚ (የስካዚ ትዕዛዝ በተራው ኔትወርክ ላይ የሚጓዝበት) ነው። ሴሽኑ (ከስቶሬጁ ጋር ያለው ግንኙነት) «ሎግድ ኢን» ይላል፤ ትንሽ ፋይል ያልፋል፣ ትልቅ ሲሆን ይቆማል።

መልስ፦ ሎግ ኢኑ በትንንሽ ፓኬት ስለሚያልቅ «ሎግድ ኢን» ማለቱ ስለ ትልልቆቹ ምንም አይነግርህም። አንድ ሰው ጃምቦ ፍሬም (ከተለመደው 1500 ባይት የሚበልጥ ፓኬት) ከፍቶ መሃል ላይ ያለ ስዊች 1500 ላይ ቀርቶ ነው። ከሰርቨሩ ወደ ስቶሬጁ 8972 ባይት ፒንግ (የሙከራ ፓኬት)፣ እንዳይቆራረጥ አዘህ ላክ፤ 28ቱ ባይት ለሄደሮቹ (ፓኬቱ ላይ ለሚጻፈው አድራሻና መግለጫ) ነው፣ ድምሩ 9000 ይሆናል። ካላለፈ ከሰርቨሩ ጀምረህ እያንዳንዱን ፖርት እየፈተሽክ የጎደለውን አግኘው። መሃሉ ላይ ያለውን ስዊች የማዘዝ ሥልጣን ከሌለህ ሁሉንም ወደ 1500 መልሰው፤ ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ፋይሉ ግን ያልፋል።